ከጎደሎ ቀን ፍርሃት እንዴት መላቀቅ ይቻላል?

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው አንዳንድ ቀናትን «አይቀኑኝም» ብሎ ለሚፈራ፣ በእነዚያ ቀናት መንገድ ለሚሰርዝ፣ ውል ለማይፈርም፣ ሕክምና ለሚያዘገይ፣ ይህን ሁሉ ሲያደርግም በልቡ «ነገሩ መሠረት እንደሌለው አውቃለሁ» ለሚል ሰው ነው። እንዲህ ካለው ሰው ጋር ስለ እምነቱ ትክክለኛነት መከራከር እምብዛም አይጠቅምም፤ ክርክሩን አስቀድሞ ከራሱ ጋር ጨርሶታልና። ጄን ራይዘን የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተመችው ጽሑፍ ያስረዳችው ይህንኑ ነው፦ ሰው አንድ ሐሳቡ ስሕተት መሆኑን መገንዘቡና ያንን ሐሳብ ማረሙ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ስለሆኑ፣ የመጀመሪያውን አከናውኖ ሁለተኛውን ሳይነካው ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚቀርበው አካሄድ እምነቱን ለጊዜው ወደ ጎን ትቶ፣ እምነቱ የሚያስቀረውን ሥራ አንድ በአንድ ወደ ቦታው የሚመልስ ነው።

ፍርሃቱ ሞኝነት ነው ብሎ ራስን መውቀስም አያስፈልግም። በጥንቷ ባቢሎን የወሩ 7ኛ፣ 14ኛ፣ 19ኛ፣ 21ኛና 28ኛ ቀናት እንደ ክፉ ቀናት ይቆጠሩ ነበር። የጥንት ግብፃውያን እያንዳንዱን ቀን ለሦስት ከፍለው የትኛው ክፍል መልካም፣ የትኛው ክፉ እንደሆነ የሚያመለክት መዝገብ ነበራቸው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ደግሞ «የግብፅ ቀናት» የሚባሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ በየወሩ ሁለት፣ በዓመት 24 የሆኑ ቀናት ይቆጠሩ ስለነበር በእነዚያ ቀናት ለሕክምና ደም ማስወጣት ይከለከል ነበር። ዛሬም ቢሆን በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም የሚሸሸው ዓርብ የዋለ 13 ሲሆን፣ በስፔን፣ በግሪክና በብዙ የላቲን አሜሪካ አገሮች ማክሰኞ የዋለ 13 ይፈራል፤ ጣሊያናዊው ግን 13ን በመልካም ዓይን አይቶ ዓርብ የዋለ 17ን ይሸሻል። እነዚህ ዝርዝሮች እርስ በርሳቸው ስለሚጣሉ፣ የሁሉንም ክልከላ አክብሮ መኖር የሚፈልግ ሰው ሥራ የሚሠራበት ቀን ፈልጎ ማግኘት ይቸግረዋል።

ፍርሃቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ

በመጀመሪያ ወረቀት ይያዙና የሚፈሩትን ነገር በአንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያስፍሩ። ዓረፍተ ነገሩ የትኛው ቀን እንደሚፈራ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ምን መሥራት እንደማይገባና ቢሠራ ምን እንደሚከተል በግልጽ መናገር አለበት። «ማክሰኞ 13 አይመቸኝም» ማለት አይበቃም፤ «13ኛው ቀን ማክሰኞ ሲውል ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት መኪና ብነዳ ግጭት ይደርስብኛል» የሚለው ግን ሊፈተሽ የሚችል ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ እጁ ይያዛል። ፍርሃቱ ለዓመታት አብሮት የኖረ ቢሆንም፣ ቀኑ የሚጀምረው በእኩለ ሌሊት ይሁን በንጋት፣ ጉዳቱ የሚደርሰው በራሱ ላይ ይሁን በቤተሰቡ ላይ፣ ሥራውን ትናንት ጀምሮ ዛሬ ቢጨርስስ ምን እንደሚሆን ጠይቆ አያውቅም።

የቀኑ ወሰን ጥያቄ ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። አፖሎ 13 የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር እ.ኤ.አ. አፕሪል 11 ቀን 1970 ስትመጥቅ በሂዩስተን ከተማ ሰዓቱ በሃያ አራት ሰዓት አቆጣጠር 13፡13 ነበር፤ ከኦክስጅን ታንኮቿ አንዱ የፈነዳውም በዚያችው ከተማ አቆጣጠር አፕሪል 13 ቀን፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ላይ ነው። ቁጥሩን የሚፈሩ ሰዎች ይህን ታሪክ ሳያነሡ አያልፉም። ይሁን እንጂ ሮኬቱ በተነሣበት በፍሎሪዳ ሰዓቱ 14፡13 ነበር፤ ታንኩ ሲፈነዳም በግሪንዊች ሰዓት አፕሪል 14 ከገባ ሦስት ሰዓት አልፎ ነበር። መንኮራኩሯ በዚያን ጊዜ ከምድር ከ300 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ስለነበር የየትኛው ከተማ ቀን እንደሚገዛት የሚወስን ዳኛ የለም። ለምድርም ቢሆን ነገሩ ያው ነው፤ በአይሁድና በእስልምና አቆጣጠር ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ሲሆን፣ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር 13 የሆነው ቀን በአሁኑ ዘመን በዩልዮስ አቆጣጠር ያለፈው ወር የመጨረሻ ቀን ነው። የእርስዎ ፍርሃት የትኛውን ሰዓትና የትኛውን አቆጣጠር እንደሚከተል በዓረፍተ ነገርዎ ውስጥ ይጨምሩበት።

ዓረፍተ ነገሩ ሲጠናቀቅ ከሥሩ ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ በቀኑ ምክንያት የቀሩ ነገሮችን ይዘርዝሩ፦ የተላለፉ ቀጠሮዎች፣ የተሰረዙ ጉዞዎች፣ የዘገዩ ክፍያዎች፣ «ሌላ ቀን ይሁንልኝ» ብለው ያስቀየሟቸው ሰዎች። ከዚህ በኋላ የሚሠሩት ሥራ ሁሉ ከዚህ ዝርዝር ስለሚነሣ ወረቀቱን አይጣሉት።

ከዝርዝሩ የሚወጡ ነገሮች

በዝርዝሩ ውስጥ የጎደሎ ቀን ፍርሃት ያልሆኑ ነገሮች ተቀላቅለው ይገኛሉ። የመጀመሪያው ሐዘን ነው። የወዳጅዎ ሞት መታሰቢያ ቀን ሲቃረብ እንቅልፍ ቢነሣዎት፣ ሥራ መሥራት ቢያቅትዎት፣ ይህ ትዝታ የሚያመጣው የታወቀ ስሜት እንጂ ስለ ቀኑ ኃይል የተያዘ እምነት አይደለም፤ የሚያስፈልገውም ቀኑን በዕረፍት ወይም ከሚወዱት ሰው ጋር ማሳለፍ ነው። ሁለተኛው ሃይማኖታዊ ሥርዓት ነው፤ አምላኩን ለማክበር ሥራ የሚያቆም ሰውና እንዳይቀሠፍ ብሎ የሚደበቅ ሰው ውጫዊ ድርጊታቸው ቢመሳሰልም የልባቸው ሁኔታ ለየቅል ነው፤ ይህ ጽሑፍም የመጀመሪያውን አይመለከትም።

ሦስተኛው በእርግጥም አደጋ የሚበዛባቸው ጊዜያት ናቸው። በሳምንቱ መጨረሻ ሌሊት ወይም በበዓል ዋዜማ መንገድ ላይ መጠንቀቅ ተገቢ የሚሆነው፣ ጠጥቶ የሚያሽከረክርና የደከመው ሰው በዚያን ጊዜ ስለሚበዛ ነው። መለያው ቀላል ነው፤ አደጋው በምን መንገድ እንደሚመጣ መናገር ከቻሉ ጥንቃቄውን ይያዙት፣ መናገር ካልቻሉ ወደ ዝርዝሩ ይመልሱት።

የቀኑን ታሪክ መፈተሽ

ቀጥሎ የሚፈሩት ቀን መጥፎ ስሙን ያገኘው ከየት እንደሆነ ይጠይቁ። ይህ እርምጃ ብቻውን ፍርሃትን አያጠፋም፤ ነገር ግን ቀኑ ከፍጥረት ጀምሮ እንዲህ እንደነበረ የሚሰማንን ስሜት ያላላዋል። የሮማውያን ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በባህላዊው የሮማውያን አቆጣጠር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ390 ሮማውያን በአሊያ ወንዝ ዳር ጎል በተባሉ ሕዝቦች ሲሸነፉ፣ ቀኑ ጁላይ 18 በየዓመቱ ሥራ የማይጀመርበት ጥቁር ቀን ሆኖ ቀረ። ነገሩ በአንድ ቀን አልተገታም፤ ሊቪ የተባለው የታሪክ ጸሐፊ እንደሚተርከው፣ ጦር አዛዡ መሥዋዕት ያቀረበው በጁላይ ወር አጋማሽ በዓል ማግስት ስለነበር፣ ሮማውያን የወሩን ቀናት ከሚቆጥሩባቸው ሦስት መነሻ ቀናት ቀጥሎ ያለው ቀን ሁሉ ጥቁር እንዲባል ተወሰነ። ይህም በዓመት 36 ቀን ማለት ነው። አንድ ጦር አንድ ጊዜ በመሸነፉ ምክንያት ከዓመቱ አንድ አሥረኛ የሚጠጋው ለሥራ የማይሆን ተደረገ።

ዓርብ የዋለ 13ን በተመለከተ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ቴምፕላር የተባሉት የመካከለኛው ዘመን መነኮሳት ተዋጊዎች እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 13 ቀን 1307 በፈረንሳይ ንጉሥ ትእዛዝ መታሰራቸው ነው። ቀኑ በእርግጥም ዓርብ ነበር። ሆኖም ዓርብና 13 ተጣምረው የሚፈሩበት ጽሑፍ የሚገኘው በ19ኛው መቶ ዘመን ስለሆነ፣ ሁለቱን ያገናኟቸው ከ500 ዓመታት በኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው። የመርከበኞችን የዓርብ ፍርሃት ለማስወገድ ተብሎ ዓርብ ተሠርታ፣ «ዓርብ» ተብላ ተሰይማ፣ ዓርብ ተነሥታ ስለጠፋች የእንግሊዝ የጦር መርከብ የሚነገረው ታሪክም ፈጠራ ነው፤ እንዲህ ያለች መርከብ በባሕር ኃይሉ መዝገብ አልነበረችም። ኮሎምበስ ግን እ.ኤ.አ. ኦገስት 3 ቀን 1492 ከስፔን የተነሣው ዓርብ ቀን ነው፤ ኦክቶበር 12 መሬት ያየውም ዓርብ ቀን ነው። ይህ ዓርብ መልካም ነበር ወይስ ክፉ የሚለው በመርከቡ ላይ ለቆመውና በባሕሩ ዳርቻ ለነበረው ሰው አንድ ዓይነት መልስ የለውም።

ማስታወሻ መያዝ

የዚህ መመሪያ ዋና ሥራ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ፍርሃቱን የሚመግበው የማስታወስ ልማዳችን ነው። ቡረስ ፍሬድሪክ ስኪነር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ሙከራ የተራቡ እርግቦችን በሳጥን ውስጥ አድርጎ ምንም ቢያደርጉ ባያደርጉ በተወሰነ ጊዜ ልዩነት ምግብ ይሰጣቸው ነበር። ከስምንቱ እርግቦች አብዛኞቹ ምግቡ ሲመጣ በአጋጣሚ ያደርጉት የነበረውን እንቅስቃሴ መደጋገም ጀመሩ፤ አንዷ ዞረች፣ ሌላዋ ራሷን ወዘወዘች። ሰውም በፈራው ቀን አንድ ክፉ ነገር ሲገጥመው ሁለቱን አንድ ላይ ይቋጥራቸዋል፤ በዚያው ዓይነት ቀን ምንም ሳይሆን ሲመሽ ግን የሚቋጠር ነገር ስለሌለ ቀኑ ከልቡ ይጠፋል።

ቁጥሩም በፍርሃት ወገን የቆመ ይመስላል። አንድ ሰው በአማካይ ከአሥር ቀን በአንዱ የሚያበሳጭ ነገር ይገጥመዋል እንበል፤ ይህም ብዙ አይደለም። በዓመት 20 ጎደሎ ቀናት ያሉት ከሆነ፣ ከእነዚያ ቢያንስ በአንዱ ላይ ብስጭት የማግኘት ዕድሉ ከመቶ 88 ያህል ነው። ቀኑ ምንም ኃይል ሳይኖረው እምነቱ በየዓመቱ ለማለት በሚቻል ደረጃ «ማስረጃ» ያገኛል ማለት ነው።

ስለዚህ ማስታወሻው ባዶውን ቀንም መያዝ አለበት። አንድ ደብተር ይምረጡና ለእያንዳንዱ የሚፈሩት ቀን አንድ ተራ ቀን በጥንድነት ያስቀምጡለት፤ ተራውን ቀን ከወሩ መጀመሪያ ላይ በዕጣ ይለዩት እንጂ ካለፈ በኋላ አይምረጡት። በሁለቱም ቀናት ማታ ከመተኛትዎ በፊት የሆነውን ነገር በአምስት ወይም በስድስት መስመር ይጻፉ። አንድ ገጽ ይህን ሊመስል ይችላል፦ «ቁልፍ ጠፍቶብኝ ሩብ ሰዓት ፈለግሁ፤ በኮት ኪሴ ተገኘ። ስብሰባው ግማሽ ሰዓት ዘገየ። የስልኬ መስታወት ተሰነጠቀ። እህቴ ደውላ ፈተናዋን ማለፏን ነገረችኝ። ከሰዓት በኋላ ራሴን አመመኝ።» ይህ የጎደሎው ቀን ነው ወይስ የተራው? ከገጹ ላይ ማወቅ አይቻልም፤ የሙከራውም ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

አሥር ገጾች ሲሞሉ፣ አምስቱ ከሚፈሩት ቀን፣ አምስቱ ከተራው፣ ቀናቸው ሳይጻፍ በሌላ ወረቀት እንዲገለበጡ ለሚያምኑት ሰው ይስጡና ያዘበራርቃቸው። ከዚያ አምስቱን ጎደሎ ቀናት እርስዎ ራስዎ ለይተው ለማውጣት ይሞክሩ። በዘፈቀደ ቢመርጡ ግማሽ ያህሉን ያገኛሉ፤ አምስቱንም አስተካክሎ በዘፈቀደ የመለየት ዕድል ከ252 አንድ ነው። የሚፈሩት ቀን በየሳምንቱ ወይም በየወሩ የሚመጣ ከሆነ ይህን በጥቂት ወራት መጨረስ ይቻላል። ሁለት ነገሮች ግን ሙከራውን ያበላሹታል፦ በሚፈራው ቀን ከቤት ሳይወጡ መዋል፣ እንዲሁም «ዛሬ ፈርቼ ዋልኩ» ብሎ በገጹ ላይ መጻፍ። የፍርሃቱን መጠን መመዝገብ ከፈለጉ በሌላ ደብተር ያድርጉት።

ክፉ ነገር የተከሰተ እንደሆነ ከሥሩ «ይህ መቼ ጀመረ?» የሚል ጥያቄ ይጻፉ። የአፖሎ 13 ምርመራ ያሳየው ይህንን ነው። በታንኩ ውስጥ የነበሩት የሙቀት መቆጣጠሪያ ማብሪያና ማጥፊያዎች የተሠሩት ለ28 ቮልት ነበር፤ በማስወንጨፊያው ጣቢያ ያለው የኃይል ምንጭ ግን 65 ቮልት ይሰጥ ነበር። በማርች 1970 በተደረገ ፍተሻ ታንኩ አልጎድል ስላለ ማሞቂያው ለሰዓታት ተከፍቶ ቆየ፤ ማብሪያና ማጥፊያዎቹ ተጣብቀው ስለቀሩ ሙቀቱ ያለ ልክ ጨመረ፣ የሽቦዎቹም ሽፋን ተቃጠለ። ፍንዳታው አፕሪል 13 ላይ ይሁን እንጂ ጥፋቱ ከሳምንታት በፊት ተፈጽሟል፤ የቮልቴጅ ለውጡ ከታዘዘ በኋላ ማብሪያና ማጥፊያዎቹ ሳይቀየሩ የቀሩት ደግሞ ከዓመታት በፊት ነው። እርስዎም የተሰነጠቀውን የስልክ መስታወት ወደ ኋላ ሲከተሉት ከሳምንት በፊት የተቀደደ ሽፋን ላይ ይደርሱ ይሆናል። ጥያቄው የሚጠቅመው ሽፋኑ ሊቀየር ስለሚችል ነው።

የታወቁ ሰዎች ታሪክም በዚሁ ዓይን መታየት አለበት። አርኖልድ ሾንበርግ የተባለው የሙዚቃ ደራሲ 13 ቁጥርን በእጅጉ ይፈራ ነበር፤ የሞተውም እ.ኤ.አ. ጁላይ 13 ቀን 1951 ሲሆን ቀኑ ዓርብ ነበር። ይህ ሲነገር አፍ ያስይዛል። የማይነገረው ግን በዚያን ጊዜ ዕድሜው 76 እንደነበር፣ ከአምስት ዓመት በፊት ከባድ የልብ ሕመም ደርሶበት እንደነበርና በሕይወቱ ውስጥ ከ900 በላይ 13ኛ ቀናትን አልፎ እንደኖረ ነው።

ፍርሃቱ ራሱ የሚያደርሰው ጉዳት

ቀኑ ኃይል ባይኖረውም ሰዎች ስለ ቀኑ ያላቸው እምነት ግን ኃይል አለው። በጃፓን በየ60 ዓመቱ አንድ ጊዜ የሚመጣ «የእሳት ፈረስ» የሚባል ዓመት አለ፤ በዚያ ዓመት የተወለደች ሴት ባሏን ታጠፋለች የሚል አሮጌ እምነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 በአገሪቱ 1.82 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት ሲወለዱ፣ የእሳት ፈረስ ዓመት በሆነው በ1966 ቁጥሩ ወደ 1.36 ሚሊዮን ወረደ፤ በ1967 ደግሞ ወደ 1.94 ሚሊዮን ተመለሰ። የወሊድ መዝገቡን ብቻ ለተመለከተ ሰው በዚያ ዓመት አንድ መቅሠፍት የወረደ ይመስላል።

በአንጻሩ የፍርሃትን ጉዳት ማጋነንም አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2001 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ 4 ቁጥር ከሞት ጋር በሚያያዝበት ባህል ውስጥ ያሉ ቻይናውያንና ጃፓናውያን አሜሪካውያን በየወሩ በ4ኛው ቀን በልብ ሕመም የሚሞቱበት መጠን ከፍ ይላል ብሎ ነበር፤ በኋላ የተደረጉ ፍተሻዎች ግን ይህን አላረጋገጡም። ጥናቱ እስከ ዛሬ «ፍርሃት ይገድላል» ለማለት ስለሚጠቀስ፣ በወሬ የሚደናገጥ ሰው ቀኑን ትቶ ደግሞ ፍርሃቱን መፍራት እንዳይጀምር መጠንቀቅ ይኖርበታል። የልብ ምት መጨመር፣ የእጅ ማላብና የሆድ መረበሽ ያስጨንቃሉ እንጂ በጊዜያቸው ይበርዳሉ።

ሥራን ወደ ቀኑ መመለስ

አሁን መጀመሪያ ወደ ጻፉት ዝርዝር ይመለሱና በቀኑ የቀሩትን ሥራዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ በቅደም ተከተል ያስቀምጧቸው። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 10 የፍርሃት መጠን ይስጡት። መጀመሪያ የሚሠራው 3 አካባቢ ያለው፣ ቢበላሽም በቀላሉ የሚስተካከል ነገር ይሁን፤ ለምሳሌ በዚያ ቀን አዲስ ልብስ መልበስ፣ ደብዳቤ መላክ፣ አጭር መንገድ መሄድ። ያንኑ ሥራ የፍርሃቱ መጠን በግማሽ እስኪወርድ ድረስ በተከታታይ በሚመጡ ቀናት ይድገሙትና ወደሚቀጥለው ይለፉ። የቤት ግዢ ውልን የመጀመሪያ መለማመጃ ማድረግ ጀግንነት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ውሉ በሌላ ምክንያት ቢበላሽ የዓመታት ልፋት በአንድ ቀን ይፈርሳል።

የሚፈሩት ቀን ከስንት አንዴ የሚመጣ ከሆነ የመለማመጃ ዕድል ያንሳል። ዓርብ የዋለ 13 በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሦስት ጊዜ ይመጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2026 ለምሳሌ በፌብሩዋሪ፣ በማርችና በኖቬምበር ይውላል። በአጋጣሚ የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ራሱን በሚደግምበት 400 ዓመት ውስጥ ካሉት 4,800 ወራት 13ኛው ቀን ዓርብ ላይ የሚውለው 688 ጊዜ ስለሆነ፣ ከሌሎቹ የሳምንቱ ቀናት ሁሉ በጥቂቱ ይበልጣል፤ ቀኑ ብርቅ ነው የሚለው ስሜት ከስሌቱ ጋር አይሄድም። ያም ሆኖ በዓመት ሦስት ጊዜ መለማመድ ስለማይበቃ፣ በየወሩ የሚመጣውን 13ኛ ቀንና በየሳምንቱ የሚመጣውን ዓርብ ለየብቻ ይለማመዱባቸው። 13 ቁጥር ያለው ወንበር ላይ መቀመጥ፣ 13 ዕቃ መግዛት፣ ቀኑን በጉልህ በወረቀት ጽፎ ጠረጴዛ ላይ ማዋልም ይረዳል።

በዚህ ልምምድ ውስጥ ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚያፈርሰው ነገር አለ፤ ይኸውም መከላከያ መያዝ ነው። ሥራውን እየሠሩ እንጨት የሚነኩ፣ በቀኝ እግር ብቻ የሚወጡ፣ «ይቅር በለኝ ቀኑን አላየሁትም» የሚሉ፣ ስልካቸውን በየአምስት ደቂቃው የሚያዩ ከሆነ፣ ቀኑ በሰላም ሲያልፍ ምስጋናው ለመከላከያው ይሄዳል፤ ፍርሃቱም ሳይነካ ይቀራል። በየቀኑ የሚጸልይ ሰው እንደ ልማዱ ይጸልይ፤ ለዚያ ቀን ብቻ የሚጨመረውን ግን ይተወው። መከላከያውን በአንድ ጊዜ መጣል ካስቸገረ ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶ እንደ ማንኛውም ሥራ ቀስ በቀስ መቀነስ ይቻላል።

በሚፈራው ቀን ዋዜማ አእምሮ ሰበብ ማፍላት ይጀምራል። ቀጠሮው ያን ያህል አያስፈልግም፣ ሰማዩ ደመና ይመስላል፣ ጉሮሮዬንም ይከረክረኛል። ስለዚህ ውሳኔው ቢያንስ ከሦስት ቀን በፊት ይደረግ፤ ለሌላ ሰውም ይነገር። ከዚያ በኋላ ሥራውን ለመሰረዝ የሚበቃው በተራ ቀን ቢሆን ኖሮ የሚያሰርዘው ምክንያት ብቻ ነው።

ከሌሎች ሰዎች ጋር

ፍርሃቱ የእርስዎ ሳይሆን የእናትዎ፣ የአማትዎ ወይም የሥራ ባልደረባዎ ሲሆን አካሄዱ ይለያል። ትልቅ ሰው የሰርግ ቀን እንዲቀየር ቢጠይቅና መቀየሩ ምንም የማያጎድል ከሆነ መቀየር ይሻላል፤ የሰው ደስታም በስሌት ውስጥ ይገባል። መላው ቤተሰብ በቀኑ እንዲገዛ ማስገደድ ሲጀመር ግን በአክብሮት መገታት አለበት። «እማዬ፣ እርስዎ በዚያ ቀን አይውጡ፤ እኔ ግን ቀጠሮ ስላለኝ እሄዳለሁ፣ ስደርስ እደውልልዎታለሁ» ማለት ክርክር አይከፍትም። ስትደርሱ መደወልን ግን በየጊዜው እያሳነሱ ካልሄዱ ለእርሳቸውም መከላከያ ይሆንባቸዋል።

ከጤና ጋር በተያያዘ ጉዳይ ላይ ማመቻመች የለም። የደረት ሕመም፣ የፊት በአንድ ጎን መውደቅ፣ የንግግር መንተባተብ፣ ብዙ ደም መፍሰስ ሲኖር ቀን አይቆጠርም። የታቀደ ቀዶ ሕክምና በሚፈራ ቀን ላይ ቢውል ሐኪሙን በቀጥታ «ይህ በሳምንት ቢዘገይ ለውጥ ያመጣል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ ለውጥ ያመጣል ካሉ ቀኑ ይጽና። ለሐኪሙ የመዘግየት ሐሳቡ ከየት እንደመጣ መናገርም አያሳፍርም፤ ሐኪሞች ይህን ከብዙ ሕመምተኛ ይሰማሉ።

ከልጆች ጋር የሚያስፈልገው ከሁሉ ያነሰ ነው፦ በፊታቸው ቀን አለመክሰስ። ልጅ ብርጭቆ ሲሰብር «ቀኑ ነው» ከተባለ ብርጭቆን በሁለት እጅ መያዝ አይማርም።

ልምምዱ በመካከል ላይ እያለ በሚፈራው ቀን በእርግጥ ከባድ ነገር ሊደርስ ይችላል፤ የሰው ልጅ አንድ ቀን መታመሙ፣ አንድ ቀን መሰረቁ አይቀርም። በዚያን ጊዜ የዕለቱን ገጽ እንደ ሌላው ጊዜ ይጻፉ፤ «መቼ ጀመረ?» የሚለውን ጥያቄ ግን ድንጋጤው እስኪበርድ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ያቆዩት። ቀጣዩን ልምምድ አይሰርዙ፤ ከከበደዎት በዝርዝሩ አንድ ደረጃ ዝቅ ብለው ይቀጥሉ።

ይህን ሁሉ ለጥቂት ወራት ሞክረው ፍርሃቱ ካልቀነሰ፣ የሚፈሩት ቀናት ቁጥር ከጨመረ፣ ወይም ቀኑን ለማርከስ የሚደጋግሙት ቆጠራ፣ መታጠብና መነካካት በቀን ሰዓታት የሚወስድ ከሆነ፣ ነገሩ ከልማድ አልፎ በተደጋጋሚ ሐሳብና ድርጊት የመጠመድ ሕመም ሊሆን ስለሚችል የሥነ ልቦና ወይም የአእምሮ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። ለዚህ ዓይነቱ ችግር በደንብ የተፈተነው ሕክምና ሰውየውን ደረጃ በደረጃ ከሚፈራው ነገር ጋር አገናኝቶ መከላከያውን እንዲተው የሚያደርገው የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና ነው። ወደ ሐኪም ሲሄዱ ዓረፍተ ነገሩን፣ የቀሩትን ሥራዎች ዝርዝርና ደብተሩን ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ በመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች የሚጠይቅዎት አብዛኛው ነገር እዚያ ላይ ተጽፎ ይገኛል።